ወይዘሮነታቸውን የተዉት እናት፥ ወለተ ጴጥሮስ
ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ለዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ከክፍል ጓደኞቼ የሚበዙት የነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ስም አስመዘገቡ። አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስን፥ ሌላው ዐፄ ዮሐንስን መረጠ። እኔ የአንዲት መነኵሲት ስም ባስመዘገብሁ ጊዜ ግን ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ። መምህራችንም ምክንያቱን ጠየቁኝ። በዚያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁም፤ መልሴ ይህ ጽሑፍ ነው።

ምክንያቴ ከራሴ ኑሮ ይነሣል። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ መንደር መጥቼ፥ እዚህ ንፋስ መውጫ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ስንቄን የምታመጣልኝ ታናሽ እኅቴ ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ሽሮውን፥ በሶውን፥ ድርቆሹን፥ አንዳንድ ጊዜም ድንቹን በጀርባዋ አዝላ ትመጣለች። እንደ ደረሰችም ሳትቀመጥ ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቦኖ ትወርዳለች፤ ወረፋ ጠብቃ ውኃውን ቀድታ ትመጣለች፤ ልብሳችንን ታጥባለች፤ ጥቂት ነገር ቀምሳ ሳይመሽባት ትመለሳለች። እኔም ይኸን ሁሉ ጊዜ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ።

እኅቴ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከ7ኛ ክፍል ነው። እናታችን በታመሙ ጊዜ ከሁለታችን አንዳችን ወደ ቤት መመለስ ነበረብን። ማን ይመለስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሳይነገር የታወቀ ነበር። እኔም አልጠየቅሁም። ወንድ ልጅና የበኵር ልጅ በመሆኔ የሚገባኝን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አያቴ ስለት ስለ ነበረባቸው ወደ ቆራጣ አብሬአቸው ሄድሁ። ቆራጣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳር፥ በደቡብ ጎንደር በደራ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው፤ የሚጠራውም በቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ስም ነው። ኅዳር 17 ቀን በዓላቸው ሲከበር አንድ አባት የእናታችንን ታሪክ በአማርኛ ተረኩልን። ያች የመኳንንት ልጅ እንዴት እህል እንደ ፈጨች፥ እንዴትም ውኃ እንደ ቀዳች በሰማሁ ጊዜ ፊቴ ጋለ። በሕዝቡ መካከል ማንም እኔን የሚመለከት አልነበረም፤ እኔ ግን ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብሁ፤ መምህራንንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን እነሆ እነግራችኋለሁ።

ወለተ ጴጥሮስ በ1585 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ባሕር ሰገድ፥ እናታቸው ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ቤተ ሰባቸው በደዋሮና በፈጠጋር የታወቀ የመኳንንት ወገን ነበረ፤ ወንድሞቻቸውም በቤተ መንግሥት ባለሟሎች ነበሩ። የዚያን ዘመን መኳንንት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ ከታሪክ ትምህርታችን እናውቃለን። ገበሬው አርሶ ለባለ ጉልቱ ይገብራል፤ ገረድ ትፈጫለች፤ አገልጋይ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይሸከማል። የወይዘሮ ልጅ በእግሯ መንገድ አትሄድም፤ በበቅሎ ነው እንጂ። ይህ ሁሉ እግዚአብሔር የመደበው የተፈጥሮ ሕግ ተደርጎ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ ከላይ ያለውም ይገባኛል ይላል፤ ከታች ያለውም ይገባቸዋል ይላል።

ወለተ ጴጥሮስ ገና በልጅነታቸው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳሩ። መልክአ ክርስቶስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከታላላቆቹ መኳንንትና የንጉሥ አማካሪዎች አንዱ ነበሩ። ከባለቤታቸውም ጋር ይኖሩበት የነበረው አገር ስማዳ እንደ ሆነ በገድላቸው ይነገራል። እንግዲህ ይህች እናት በሩቅ አገር የኖሩ እንግዳ አይደሉም፤ ከዚህ ከጋይንት ተነሥተን ስማዳን ስንመለከት እሳቸው የተመላለሱበትን ምድር እናያለን ማለት ነው። ሦስት ልጆች ወልደው ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ሀብት፥ ገረዶችና ክብር በቤታቸው ሞልቶ ሳለ፥ ከሁሉ የሚወዱትን ነገር ሀብቱም ክብሩም ሊያቆይላቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ ልባቸው ወደ ምናኔ ዘነበለ፤ ጾምና ጸሎት አበዙ፤ ድሆችን መመገብ ያዘወትሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ አገራችን በታላቅ የሃይማኖት ሁከት ውስጥ ነበረች። ከኢየሱሳውያን ማኅበር የሆነው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር። ፓኤዝ የተማረና ትሑት ሰው ነበረ፤ የኢትዮጵያን ታሪክ ጽፎአል፤ በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወደ ሰከላ ሄዶ የዐባይን ምንጭ አይቶአል። ዐፄ ሱስንዮስም በትምህርቱ ተማርከው የካቶሊክን እምነት ወደዱ። ይህን በመቃወም በ1609 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም በዚያ ጦርነት ተገደሉ። ንጉሡ በ1614 ዓ.ም. ገደማ እምነታቸውን በግልጥ አወጁ። በ1617 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ክህነታቸውን እንደ ገና እንዲቀበሉ፥ የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር ታዘዘ። ዛሬ ካቶሊካውያን ወንድሞቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ይህን የማነሣው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን ክፉ የነበረው እምነትን በሰይፍ ማስለወጡ ነው።

አሁን ወደ እናታችን ልመለስ። ወለተ ጴጥሮስ ለመመነን ቈርጠው ከቤታቸው ኰበለሉ። በበቅሎ ይሄድ የነበረው እግራቸው ያን ጊዜ የአፈርና የድንጋይ መንገድ ጀመረ። ባላቸው መልክአ ክርስቶስም ይህን በሰሙ ጊዜ በብርቱ ተቈጥተው ፍለጋ ወጡ፤ ሚስታቸውን ለማግኘት ሲሉም የአንድ አገር ሰዎችን መንደር አጠፉ። እዚህ ላይ፥ ወዳጆቼ፥ ጥቂት እንቁም። የዚያ መንደር ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። መመነን የፈለጉት እነርሱ አልነበሩም፤ ቤታቸው የጠፋው ግን የእነርሱ ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ ይህን ባዩ ጊዜ፥ በእሳቸው ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይጐዳ ብለው ወደ ሸሹት ቤት ተመለሱ። ክርስቶስን ለመከተል ብለው ወጡ፤ ክርስቶስን ለመከተል ብለውም ተመለሱ። እኔ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ከመኰብለላቸው ይልቅ መመለሳቸው የከበደ ይመስለኛል። ቅድስናን ፈልገው ሳለ የቅድስናቸውን ዋጋ ድኻ እንዲከፍልላቸው አልፈቀዱም።

ዳሩ ግን በቤቱ ብዙ አልቈዩም። ባላቸው አቡነ ስምዖንን ከገደለው ጦር ጋር እንደ ነበሩና በነገሩም እጃቸው እንዳለበት ተረዱ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ አልተቻላቸውም። ጌጣቸውን ጣሉ፤ የመኳንንት ልብሳቸውን ተዉ፤ ጠጕራቸውን ተላጭተው የምንኵስናን ቆብ ደፉ። ያን ጊዜ ዕድሜአቸው ሃያ አምስት ዓመት ያህል ነበረ።

የሕይወት ባልንጀራቸው የሆኑትን እኅተ ክርስቶስን ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። እኅተ ክርስቶስም እንደ እሳቸው ከትልቅ ቤት የወጡ፥ ባላቸውንና ልጃቸውን ትተው የመነኑ ነበሩ። ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም። በገዳም ወለተ ጴጥሮስ ገረድ የምትሠራውን ሥራ ሁሉ ያዙ፤ እህል ፈጩ፤ ውኃ ቀዱ፤ እንጨት ለቀሙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላው ሲሠራላቸው የኖረውን ሥራ በገዛ እጃቸው መሥራት ጀመሩ። እንግዲህ ወፍጮው ከንጉሥ ችሎት በፊት የመጣ ፈተና ነበረ ማለት ይቻላል። በችሎት ፊት አንድ ቀን ደፍሮ መቆም ይቻላል፤ በወፍጮ ፊት መንበርከክ ግን በየቀኑ ነው። የሚያጨበጭብለትም ሰው የለም።

የሃይማኖቱ አዋጅ በጠነከረ ጊዜ ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላሉም። ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ የአባቶቹን እምነት እንዳይለውጥ አስተማሩ። ነገሩም ለንጉሡ ተነገረ፤ ተይዘውም በችሎት ቆሙ። ዘመዶቻቸው በእሳቸው ጠንቅ ንጉሡ እንዳያጠፋቸው በብርቱ ፈርተው ነበር፤ እናታቸውም አልቅሰዋል። ንጉሡ ሊቀጡአቸው ወደው ሳለ መኳንንቱ መካሪዎች የወገናቸውን ብዛት አስበው ነገሩን አበረዱት። ከዚያም ሊቃውንቱ እየተመላለሱ እምነታቸውን እንዲለውጡ ቢያግባቡአቸው እሺ አላሉም። በመጨረሻ በአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ዠበይ ወደሚባል ቆላ አገር ተሰደዱ፤ በዚያም ሦስት ዓመት በግዞት ኖሩ።

እውነቱን ለመናገር፥ በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ታሪኩን አጐድለዋለሁ። በዚያ ዘመን ስማቸው ያልታወቀ ብዙ ገበሬዎችና መነኰሳት ስለ እምነታቸው ሲገደሉ ወለተ ጴጥሮስ የዳኑት የትልቅ ቤት ልጅ በመሆናቸው ጭምር ነው። የጣሉት ወይዘሮነት ከኋላቸው እየተከተለ ይጠብቃቸው ነበር። ይህ ቅድስናቸውን አይቀንሰውም፤ ለእኛ ግን ትምህርት ይሰጠናል። ሰው የተወለደበትን ዕድል በአንድ ቀን አውልቆ መጣል አይችልም፤ ለማን ጥቅም እንደሚያውለው ግን መምረጥ ይችላል።

እሳቸው የመረጡትን እንይ። በግዞት አገር እንኳ ሰዎች ወደ እሳቸው መጡ፤ የመጀመሪያው ማኅበራቸው በዚያው በዠበይ ተመሠረተ። ከግዞት ከተመለሱ በኋላም በጣና ዙሪያ በጫንቋ፥ በምጽሌ፥ በዘጌ፥ በአፈር ፈረስና በሌሎችም ቦታዎች በድምሩ ሰባት ማኅበራት እንደ አቋቋሙ ይነገራል። በእነዚህ ማኅበራት ወንዶችም ሴቶችም፥ የመኳንንት ልጆችም ድኾችም ነበሩ። ንብረቱ የጋራ ነበረ፤ ሥራውም የሁሉ ነበረ። ሴት ወይዘሮ ሆና ካልሆነ በቀር በማታዝበት ዘመን፥ ወይዘሮነታቸውን የተዉ ሴት ብዙ መቶ ሰዎችን መሩ። በሽታና ረኀብ በመጣ ጊዜም ማኅበራቸውን ይዘው በታንኳ ከደሴት ወደ ደሴት፥ ከዳር ወደ ዳር ተንከራተቱ።

የጦርነቱና የደም መፍሰሱ ነገር ንጉሡንም አሳዘናቸው። በሰኔ ወር 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ጥቂት ወራት ቈይተው በ1625 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ወለተ ጴጥሮስ ግን ስደቱ ባለቀ ጊዜ ድሉን ይዘው ወደ ክብራቸው አልተመለሱም። ያን ጊዜ ርስትም ሆነ ማዕርግ ቢጠይቁ የሚከለክላቸው አልነበረም። ዐሥር ዓመት ያህል ከማኅበራቸው ጋር በዚያው ኑሮ ቀጠሉ። ሦስት ወር ያህል ታመው ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመት ዕድሜአቸው ዐረፉ፤ በጣና ሐይቅ በሬማ ደሴትም ተቀበሩ። ከሃምሳው ዓመት ሃያ ስድስቱን በምንኵስና አሳልፈዋል። ማኅበሩን የመምራትም ኃላፊነት ለእኅተ ክርስቶስ ተላለፈ።

ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ1665 ዓ.ም. ገደማ፥ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ የሚያውቋቸውን ሰዎች ጠይቆ ገድላቸውን በግዕዝ ጻፈ። መጽሐፉ ዛሬ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በዓለም ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። የባሕር ማዶ ተማሪ የሚያውቃቸውን እናት የስማዳና የጋይንት ተማሪ ሳያውቃቸው ቢቀር የሚያሳዝን ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ክርስቲያን ነን ማለት በአገራችን ቀላል ነው። ማተብ እናስራለን፤ እንጾማለን፤ በዓል እናከብራለን። ዛሬ ስለ እምነታችን በችሎት የሚያቆመን ንጉሥ የለም። ታዲያ መስቀሉ የት አለ? እኔ እንደሚመስለኝ ለእኛ መስቀሉ ያለው ይገባኛል በምንለው ነገር ላይ ነው። ወንድ ልጅ በመሆናችን ይገባናል፤ ተማሪ በመሆናችን ይገባናል፤ ከዚህ ወገን በመወለዳችን ይገባናል እንላለን። የሚገባንን ስናገኝ ግን ከኋላ ሆኖ የሚከፍልልን ሰው አለ። ወለተ ጴጥሮስን ያስመለሰቻቸው ያች የጠፋችው መንደር ናት። የእኔ መንደር ደግሞ እኅቴ ናት።

ከቆራጣ ከተመለስሁ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀሪካኑን ከእኅቴ እጅ ወስጄ ወደ ቦኖ ወረድሁ። በወረፋው ላይ ከእኔ በቀር ያደገ ወንድ አልነበረም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ፤ የክፍል ጓደኞቼም አይተውኝ እስከ ሰኞ ድረስ መሳቂያ አደረጉኝ። አሁን ሳቁ ቀርቶአል። ከሁለቱ የቤት ጓደኞቼ አንዱ በተራው ይቀዳል፤ ሌላው ገና ነው። ይህ ትንሽ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ውኃ በመቅዳት ቅዱስ አይኮንም። እኅቴም እንደ መጀመሪያው ቀን ዛሬም ስንቅ ተሸክማ ትመጣለች፤ ትምህርት ቤትም አልተመለሰችም።

ስለዚህ ከጀሪካኑ የሚከብደውን ነገር ማድረግ ነበረብኝ። አባቴ ለዩኒቨርሲቲ መሄጃዬ ይሆናል ብለው የሚያሳድጉት አንድ ወይፈን አለ። በፋሲካ ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ያ ወይፈን ተሸጦ እኅቴ በመጪው መስከረም 7ኛ ክፍል ብትመለስበት እንደምመርጥ ለአባቴ ነገርኋቸው። በክረምቱም የእርሻውንና የቤቱን ሥራ እንደምይዝ፥ ፈተናውን ካለፍሁ ደግሞ ለመሄጃዬ የሚያስፈልገውን በቀን ሥራ እንደማገኝ አስረዳሁ። አባቴ ረዥም ጊዜ ዝም አሉ፤ እስካሁንም አልመለሱልኝም። አልዋሽም፤ ከተናገርሁ በኋላ በዚያ ሌሊት ተጸጽቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በማግሥቱ ግን ቃሌን አልሳብሁም።

ይህ መጽሔት በወላጆች ቀን ሲታደል አባቴ እንደሚመጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔው አነብላቸዋለሁ፤ እኅቴም ከአጠገባቸው ትቀመጣለች። የክፍል ጓደኞቼ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እናንተም በየቤታችሁ ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣላችሁ ሰው አለ። የተሸከመውንም ከማን ላይ እንደ ወሰደላችሁ ጠይቁ። ወላጆቻችን ሆይ፤ አንዱን ልጅ ስታስተምሩ ሌላዋ የከፈለችውን አስቡላት። የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።